መብራቱ ርካሽ ነው፤ ሞተሩስ?

ሰሞኑን የምትጠይቁኝ ነገር ተቀይሯል። ድሮ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ልጅ ክትባት ነበር። አሁን ግን «ሲስተር፣ ልጄ በባትሪ የሚሄድ ሞተር ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸገረኝ፤ ምን ይመክሩኛል?» የሚለው በዝቷል። አንዷ እናት የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው ብሩ እጃቸው ላይ ነው። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፈተናውን ካለፈ ቆሞ የሚነዳ ስኩተር ሊሸልሙት ቃል ገብተውለታል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ይሁንና ጉዳዩ በእኔም ቤት ገብቷል። ሁለተኛው ልጄ ከባለቤቱና ከአራት ዓመት ሴት ልጁ ጋር አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሥራው መገናኛ አካባቢ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታም የታክሲ ሰልፍ። ቤት ሲደርስ ልጅቷ ተኝታ ነው የሚያገኛት። እናም ተቀምጦ የሚነዳ የኤሌክትሪክ ስኩተር ሊገዛ አሰበ፤ ባለቤቱ ፈራች፤ ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። እሱ «እማዬ፣ መብራት እኮ ርካሽ ነው፤ በወር ከመቶ ብር ብዙም አይበልጥ» አለኝ። እሷ ደግሞ ምንም አላለችም፤ ልጅቷን አቅፋ ዓይን ዓይኔን ብቻ ታየኛለች።

እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ አልኳቸው። ያንን ሒሳብ ዛሬ ለእናንተ ላካፍላችሁ። ብሮቹ የልጄ ናቸው፤ ሻጭ ከሻጭ፣ ወር ከወር ይለያያል። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

መጀመሪያ መብራቱን እንይ። የታየው ስኩተር ባትሪ 72 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፎበታል። ሁለቱን ስታባዟቸው 1,440 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ይህም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ስኩተር መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ በግምት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ቢልም፣ እናንተ 45 ብላችሁ ያዙት። የሻጩ ቁጥር ቀጭን ሰው በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳው የሚገኝ ነው። የእኛ ከተማ ዳገት ናት፤ ከኋላም ሰው ይጫናል። አንድ በጎ ነገር ግን አለ። የነዳጅ ሞተር እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ችግር የለበትም።

ልጄ ደርሶ መልስ በቀን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን በቀን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያዝን። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የአንዱን ዋጋ 6 ብር ብንለው 110 ብር ነው። የእናንተን ዋጋ ከመብራት ሒሳባችሁ ላይ አይታችሁ አባዙት። ልጄ ለታክሲ በቀን በአማካይ 120 ብር ያወጣል፤ በወር 3,120 ብር ማለት ነው። 3,120 ብር ወይስ 110 ብር? ሻጮች የሚያሳዩን ይህንን ብቻ ነው። ስኩተሩ 150,000 ብር ነው፤ በየወሩ 3,010 ብር ከተረፈ በአራት ዓመት ከሁለት ወር ራሱን ይከፍላል ይሉናል።

አሁን ያልተነገረውን እንጨምርበት። ሄልሜት፣ የዝናብ ልብስና ጠንካራ ቁልፍ 12,000 ብር። የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ ሰሌዳና ሌላው የወረቀት ጣጣ 15,000 ብር። ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ ጎማና ፍሬን በዓመት 8,000 ብር ብንል በአምስት ዓመት 40,000 ብር። ከዚያ ደግሞ ትልቁ አለ፤ ባትሪው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዴ ይቀየራል ብለን 45,000 ብር ያዝን። የአምስት ዓመቱ መብራት 6,600 ብር ነው። ስኩተሩን ጨምሮ ሁሉም ሲደመር 268,600 ብር ይሆናል። በመጨረሻ አሮጌውን በ30,000 ብር ቢሸጠው እንኳ 238,600 ብር ወጥቷል። ለ60 ወር ሲካፈል በወር 4,000 ብር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አያችሁ? ታክሲው 3,120 ብር ነበር። ስኩተሩ በወር ወደ 860 ብር ይበልጣል እንጂ አያተርፍም።

ልጄ ዝም አለ። ምራቴ ግን አንድ ነገር ተናገረች፤ «እማዬ፣ ሰዓቱንስ አልቆጠርነውም» አለች። እውነቷን ነው። በሰልፉና በመንገዱ መካከል በቀን ወደ ሦስት ሰዓት ያልፋል። በስኩተሩ በአንድ ሰዓት ሄዶ ይመለሳል። በወር 52 ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ያገኛል ማለት ነው። 860 ብር ለ52 ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 17 ብር ገደማ ይመጣል። አንድ አባት ልጁ ሳትተኛ እንዲያገኛት በሰዓት 17 ብር ውድ ነው? በእኔ ቤት አይደለም። ግን ስሙን በትክክል እንጥራው፤ ልጄ የሚገዛው ጊዜ ነው። ገንዘብ ይተርፈኛል ብሎ ተበድሮ የሚገዛ ሰው ግን በባትሪው ጊዜ ያለቅሳል።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልበል። ሁለት ዓይነት በብዛት ታገኛላችሁ። ሊድ አሲድ የሚባለው፣ የመኪና ባትሪ ዘመድ፣ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ግን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ሲያልቅ አቅሙ ይደክማል። ሊትየም የሚባለው ውድ ነው፤ ዕድሜው ግን ከዚያ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ክብደታቸውም አይገናኝም። ያንኑ ያህል መብራት የሚይዝ ሊድ አሲድ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ሊትየሙ ከ10 ኪሎ ብዙም አያልፍም። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለልጄ «የሚነቀል ሊትየም ካልሆነ አትነካው» ያልኩት ለዚህ ነው። 40 ኪሎ በየማታው ደረጃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ወገቡን ይዞ መልሶ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሌላው አማራጭ ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ማውረድ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ያንን ገመድ የሚነካው የጎረቤት ልጅ ነው።

ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሒሳባችሁ የተለየ ነው። እሱ በቀን 80 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ባትሪ አይበቃውም። ሁለት ባትሪ ወይም እኩለ ቀን ላይ ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባትሪውም ቶሎ ያረጅበታል። ግን ስኩተሩ እንጀራው ስለሆነ ነዳጅ ከሚገዛው ጓደኛው ይልቅ በየቀኑ የሚተርፈው ብር ይኖራል። ከዚያች ትርፍ ላይ በየሳምንቱ ለባትሪ የምትቀመጥ ዕቁብ ይግባበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሁሉ ፈቃድ ያለው የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። በ2011 ዓ.ም ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ እንዴት እንደገደበ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ ፈቃድ የሌለው ቤቱ ውስጥ ነው ያቆመው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለው? ሊብሬ ይወጣለታል? ሰሌዳስ? «ማዘር፣ ይሄ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሰሌዳ አይፈልግም፤ ማንም አይነካዎትም» አለኝ አንዱ ወጣት ሻጭ፣ ከልጄ ጋር ልናይ ስንዞር። «እንግዲያው ይህንኑ ጽፈህ ፈርምልኝ» ስለው ሳቀ። ከሻጭ የሰማችሁትን ይዛችሁ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ 150,000 ብር ግን ያድናል።

ሰሌዳ የፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰሌዳ ከሌለ ኢንሹራንስ የለም። በአገራችን ለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን መግባት በ2005 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ግዴታ ነው። ልጃችሁ አንዲት አሮጊት ገጭቶ እግራቸውን ቢሰብር፣ መድን ከሌለው የሕክምናውም የካሳውም ዕዳ የሚመጣው ወደ ቤታችሁ ነው። ይህንንም ልብ በሉ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለተገጨው ሰው እንጂ ለነጂው ለራሱ አይደለም። ለነጂው የግል አደጋ መድን ለብቻው ይጠየቃል።

ያ ለልጃቸው ስኩተር ሊሸልሙ ያሰቡት አባት ይህንን ሲያነቡ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ቆሞ የሚነዳው ስኩተር ጎማው ትንሽ ነው፤ የመኪና ጎማ የማይሰማው ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀርና ነጂው በራሱ ወደ ፊት ይወረወራል። በግቢ ውስጥ፣ ሄልሜት አድርጎ ቢጫወትበት ምንም አይደለም። አስፋልት ላይ ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሽልማት አይሆንም።

«እህቱ ከጀርመን ትልክለታለች፤ እዚያ በሕግ የተፈቀደ ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ እዚያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ግን አፈቃቀዱን እንይ። ከ14 ዓመት በታች አይነዳም፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ የእግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም፤ በየዓመቱ የሚታደስ የኢንሹራንስ ምልክት ከኋላው ይለጠፍበታል። እነሱም ሕጋዊ ያደረጉት መድንና ገደብ አበጅተው ነው። የብስክሌት መንገዱም አላቸው፤ የእኛ ገና በኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ቦታ ተጀመረ እንጂ። ደግሞም በሻንጣ አይመጣም። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ መንገደኛ ይዞ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ የስኩተር ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ልጆቻችሁን አየር ማረፊያ ላይ አታስለቅሷቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሞተር አደጋ ሲመጣ ገና በር ላይ ይታወቃል። የቅልጥም አጥንት፣ የእጅ አንጓ፣ ጭንቅላት። ቅልጥም ይድናል፤ ግን አራትና አምስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ የለም፤ አስታማሚም ከሥራዋ ትቀራለች። ጭንቅላት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ከሱቅ ዳቦ ሊያመጣ ነበር የወጣው፣ ከቤቱ ሦስት መቶ ሜትር እንኳ አልራቀም። ሄልሜቱ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ተረፈ፤ ነገር ግን እናቱን «እማዬ» ብሎ ለመጥራት ወራት ፈጀበት። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው «ቅርብ ነው ብሎ እኮ ነው» እያሉ ለሚያልፈው ሁሉ ይነግሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞተር ነጂን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። በሙያዬ ዘመን ይህን ያህል የሚያድን መድኃኒት ብዙ አላየሁም፤ ዋጋውም ከስኩተሩ ጋር አይወዳደር። ግን ጭንቅላት ላይ የተቀመጠ ብቻ ሄልሜት አይባልም። አገጭ ሥር መታሰር አለበት፤ በማሰሪያውና በአገጩ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ ይንቀሳቀስ እንጂ ለብቻው አይዙር። አንዴ አደጋ ያየ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም አይለበስም። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ ሄልሜት ይገዛል። ሕፃን ልጅ ከፊት፣ በእግሮች መሐል አቁሞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ መሪው ላይ ቀድማ የምትመታው እሷ ናት። ልጄን በዚህ ጉዳይ አስምዬዋለሁ።

እኛ አያቶችም ድርሻ አለን። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም። መንገድ ስንሻገር ጆሯችንን አምነን ነው የኖርነው፤ አሁን በዓይናችን ሁለቴ እንይ። ነጂዎቹም ሽማግሌ ሲያዩ ከሩቅ ጥሩምባ ይንፉ።

ቻርጅ ስታደርጉም እባካችሁ በምትተኙበት ክፍል አይሁን፤ በመውጫ በሩ አጠገብም፣ በሕንፃው ደረጃ ሥርም አይሁን። የሊትየም ባትሪ ከተቀጣጠለ እሳቱ ፈጣን፣ ጭሱ መርዛማ ነው፤ በሩ ላይ ከሆነ መውጫ አይኖራችሁም። አብሮት የመጣውን ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ፤ ሦስት ዕቃ ከተሰካበት ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩት። ከመንገድ እንደገባ ገና ትኩስ ሳለ አትሙሉት፤ ይብረድ። ያበጠ፣ የሸተተ ወይም በዝናብ ውኃ የገባበት ባትሪ ወደ ባለሙያ እንጂ ወደ ሶኬት አይሂድ። እሳት ከተነሳ ባትሪውን ላድን አትበሉ፤ ሰው አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ በ939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋን ጥሩ። በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው ስታገኙ ደግሞ አትጎትቱት፣ ሄልሜቱን በኃይል አታውልቁ፤ ትንፋሹን እያያችሁ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መንገዳችሁ አጭር ከሆነ፣ ባትሪ የምታስገቡበት ቦታ ካለ፣ ሰሌዳና መድን ከተሟላ፣ ለባትሪ መቀየሪያ በየወሩ የምታስቀምጡት ካላችሁ፣ ግዙ፤ ጊዜያችሁን ይመልስላችኋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የዕቁቡ ብር ባንክ ይቆይ፤ ስኩተሩ የትም አይሄድም። ልጄ የሊብሬውን ጉዳይ እያጣራ ነው። ሄልሜቶቹን እኔ እገዛለሁ ብያለሁ፤ የእሱንም የሚስቱንም። ምራቴ አሁን ትንሽ ፈገግ ማለት ጀምራለች።

ሳምንት በሰላም ያድርሰን።